ቀበሌ ሲናገርና ቀበሌ ሲለጥፍ

በጎንደር ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነዋሪው የመንግሥትን ወሬ የሚሰማባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሰው አፍ የሚሄደው ነው፤ የጎጥ መሪው በማለዳ ወይም ከብት በሚገባበት ሰዓት በየደጁ እየተጣራ ያልፋል፣ የሰማው ላልሰማው ይነግራል፣ የቀረ ሰው ካለም በስሙ ተጠይቆ ይፈለጋል። ሁለተኛው በወረቀት የሚሄደው ነው፤ ከወረዳ የመጣው ደብዳቤ ከነማኅተሙ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ ይለጠፋል፣ ፀሐይና ነፋስ ይፈራረቁበታል፣ ቀኑ ሲያልፍም ሌላ ወረቀት ይደረብበታል። የትኛው ወሬ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ በሕግ ተጽፎ አላየሁም። ለዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ስናገር ግን ገበሬው የሚሰጠው ነገር ሲኖር ቀበሌው ይናገራል፤ ገበሬው የሚያገኘው ነገር ሲኖር ደግሞ ቀበሌው ይለጥፋል።

የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። የተወለድኩት ግን ደምቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ ገባ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ሲሆን የእናቴ ወገኖች አሁንም እዚያው ያርሳሉ። ከቤተሰቡ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ የሚችል እኔ ነኝ ተብሎ ስለታመነ ማመልከቻ የሚጻፈው፣ ደብተር የሚታየው፣ «ይህ ወረቀት ምን ይላል?» የሚባለው በእኔ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ የማወራው ነገር የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ከወገራም ከጭልጋም የሚመጡ ወዳጆቼ ነግረውኛልና።

ከጥምቀት በኋላ የሚጀመረውን የተፋሰስ ሥራ እንውሰድ። ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ተመልሰው የበዓሉ ድካም ሳይወጣ እርከን የሚሠራበት፣ ክትር የሚከተርበት ዘመቻ ይታወጃል። በዚያን ሰሞን በቀበሌያችን ያልሰማ ሰው አይገኝም። ሥራው በየጎጡ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንደሚያወጣ ይነገራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረው ይመዘገባል። ሥራው ጥቅም የለውም አልልም፤ ቦረቦር ሆኖ የነበረ ዳገት ሣር ሲያበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር በሚሰበሰብበት ወቅትም እንደዚሁ ነው፤ ደረሰኙ የያዘው ሰው ራሱ ወደ መንደር ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሳይ የምደርስበት ነገር አንድ ነው፦ ቀበሌው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱን ቤት ማዳረስ ይችላል። መንገዱ አለው፣ ሰው አለው፣ ልማዱም አለው።

ታዲያ ለሌላው ወሬ ይህን መንገድ ለምን አይጠቀምበትም? ክፋት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከሪፖርቱ ይመስለኛል። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅና ሊቀመንበሩ በወረዳ የሚገመገሙት ስንት ሰው ለዘመቻ እንደወጣ፣ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ በሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ደግሞ ሰው ካልተጠራ አይሞላም። ስለ መብት የሚለጠፈው ማስታወቂያ ግን በሪፖርት ውስጥ ያለው ቦታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ለኅብረተሰቡ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ተደርጓል» ይባላል። ወረቀቱ ከተለጠፈ ሥራው ተሠርቷል። ስንት ሰው አነበበው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ግማሹ ነዋሪ ማንበብ እንደማይችል፣ ማንበብ የሚችለውም ለጉዳይ ካልሆነ በቀር ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንደማይሄድ እየታወቀ።

ይህ ልዩነት ምን እንደሚያስከፍል ያየሁት በመሬት ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ መስፈሩ ለገጠር ሴቶች ትልቅ ነገር እንደነበር ማንም አይክደውም። የመጀመሪያው ደብተር ግን ወሰኑን የሚናገረው በአዋሳኝ ስም ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ እያለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ ልኬታ እያንዳንዱ ማሳ ከአየር በተነሣ ምስል ወይም በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ እንዲኖረው ያደርጋል። በዚህ ሂደት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ደረጃ አለ። ልኬታው እንዳለቀ፣ ካርታው ከመጽደቁ በፊት፣ ረቂቁ ለሕዝብ እይታ ይቀርባል፤ ባለይዞታው መጥቶ ማሳውን ያያል፣ ስሙ ከተሳሳተ ያስተካክላል፣ ወሰኑ ከተዛባ አቤት ይላል። የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ያላቤቱታ የቀረው ሁሉ እንደተስማማ ተቆጥሮ ወደ መዝገብ ይገባል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ለድሃ ጠበቃ ሳያስፈልገው መሬቱን የሚያስከብርበት ቀላል ዕድል ነው።

አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ወደ መተማ ለሥራ ወርደው የቀሩባት ሴት ናት። የእይታው ማስታወቂያ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በኋላ ሄጄ ቅሪቱን አይቼዋለሁ። እሷ ግን የሰማችው ካርታዎቹ ተጠቃለው ወደ ወረዳ ከሄዱ በኋላ፣ ጎረቤቷ የዘንድሮውን እርሻ አንድ ትልም ወደ እሷ ገፍቶ ሲጀምር ነው። «ካርታው እንዲህ ይላል» አላት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ካርታውም በእርግጥ እንደዚያ ይላል። ድንበር ላይ የነበረው የዱሮ ግራር ተቆርጦ ስለነበር ለኪዎቹ የወሰዱት በዕለቱ ማሳ ላይ የተገኘ ሰው ያሳያቸውን ነው። ጠፋ የተባለው መሬት ከሩብ ጥማድ አይበልጥም። ሆኖም ዋልካ መሬት ነው፤ ሽምብራ የሚሸከም፣ ዝናም ቢያጥር እንኳ እርጥበቱን ይዞ የሚያድር።

«እትዬ፣ ማስታወቂያው ሲለጠፍ የነገረዎት ሰው አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማን ይነግረኛል ልጄ? ለእርከን ሥራ ሲሆን ስሜን ከነአባቴ ይጠሩታል፤ ለዚህ ለዚህ የሚጠራኝ አጣሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ አልዘረዝርም። በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ተጀምሮ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ማመልከቻ፣ ምስክር፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ሰኞ ይምጡ» ሁሉም ነበረበት። በመጨረሻ ነገሩን የቋጩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጎረቤቷም የግራሩን ጉቶ አይቶ ተስማማ። ካርታው ግን እስኪስተካከል ሌላ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል፤ ሁለቱ ሰዎች በሕይወት እስካሉ ቃላቸው ይይዘዋል፣ ልጆቻቸው ሲተኩ ግን የሚናገረው ካርታው ነው። እዚህ ላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው፣ ከዚህ ሁሉ ወጪና መመላለስ የሚያድነው ነገር የጎጥ መሪው በእሷ ደጅ ሲያልፍ ቢናገረው አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ እንደነበር ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የተሻሻለ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 ከቀበሌም በታች ኮሚቴ እንዲኖር ያዘዘው ይህን ዓይነቱ ጉዳይ መንደር ውስጥ እንዲያልቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ አንጻር የድሮውን አሠራር ማሞገስ ይቀናናል። በጎንደር የነገሥታት ዘመን አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ነጋሪት እየተጎሰመ፣ «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ!» ተብሎ ነበር፤ ያልሰማው እንዲሰማ፣ የሰማው እንዲያሰማ ታዝዞ፤ ከዚያ በኋላ ጭቃ ሹሙ በየመንደሩ ያዳርሰዋል። ነገር ግን ያ አዋጅ በአብዛኛው ስለ ክተትና ስለ ግብር ነበር። በአፍ የሚሄደው መንገድ ለግዴታ ማደሩ የዛሬ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ቀበሌው የወረሰው ጭቃ ሹሙን ነው። የቀበሌው አወቃቀርም ለወሬው መዘግየት ድርሻ አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ሲደነግግ መነሻ ያደረገው የ20 ጋሻ፣ ማለትም የ800 ሄክታር ስፋት ነበር፤ በዚህ ልክ ያለ ማኅበር ሰው በእግሩ ሄዶ የሚመለስበት ነበር። በኋላ ግን በርካታ ገበሬ ማኅበራት እየተጠቃለሉ ሰፋፊ ቀበሌዎች ሆኑ። አሁን ዳር ካለች ጎጥ ተነሥቶ ጽሕፈት ቤት ለመድረስ፣ በተለይ በክረምት መገጭ ሞልቶ ዋልካው ጉልበት በሚውጥበት ጊዜ፣ ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ማስታወቂያ ለማንበብ ብሎ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ገበሬ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የጤና መድኑ ጉዳይ ለየት ያለ ነው፤ ግዴታውና መብቱ በአንድ ደብተር ውስጥ ስላሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ ከእኛ ብዙም የማትርቀው ፎገራ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ምርት ከገባ በኋላ ይከፍላል፣ ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። አሁን በየዓመቱ «ክፈሉ» የሚለው ወሬ በአፍ ይመጣል፤ በየደጁ፣ በስም፣ አንዳንዴም ጠንከር ባለ ድምፅ። «ከፍላችሁ ምን ታገኛላችሁ» የሚለው ግን በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው ደብተሩን ይዞ፣ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ፣ በቀጥታ ጎንደር ሆስፒታል ይመጣል፤ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ስለሌለውም ከኪሱ እንዲከፍል ይጠየቃል። ቤቴ ያረፉ ዘመዶቼ በዚህ ምክንያት «መድን ውሸት ነው» ብለው ተመልሰዋል። መድኑ ውሸት አይደለም፤ የተነገራቸው ግማሹ ብቻ ነው። መክፈል የማይችሉ ድሆች በመንግሥት ድጎማ እንዲታቀፉ ቀበሌው እንደሚመርጥም አብዛኛው ድሃ አያውቅም። በምሥራቅ በለሳ ባለው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጠቃሚዎች ስም በይፋ እንዲታይና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር የተደረገው ይህ ዓይነቱ ምርጫ በጓዳ እንዳያልቅ ነው፤ ነገር ግን ስሙ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሆነ አሁንም ማን ያነበዋል የሚለው ጥያቄ እንዳለ ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እዚሁ ቀበሌ ውስጥ የመብትን ወሬ በአፍ የሚያደርሱ ሠራተኞች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ሲመድብ፣ ጤና ኬላ ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቅን ሳይሆን ቤት ለቤት መዞርን ዋናው ሥራቸው አደረገ። ይህ ለጎንደር እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መሠረት፣ የተቋቋመው ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ባረገፋት ማግሥት ሲሆን ሥልጠናውም ባለሙያው ወደ ገጠሩ እንዲወጣ የሚያስገድድ ነበር። በመንደራችን እናቶች የክትባትን ቀን የሚያውቁት ከግድግዳ አንብበው አይደለም፤ የኤክስቴንሽኗ ልጅ ቡና ላይ ቁጭ ብላ ስለነገረቻቸው ነው። እነዚህ ልጆች ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ከዘመቻ እስከ መዋጮ ድረስ የማይገቡበት የለም፤ ስለዚህ ሌላ ሸክም ጨምሩባቸው አልልም። ይሁን እንጂ የቀበሌው ወሬ ቤት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ከእነሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሌላው ሊያስብበት የሚገባው የቀበሌው ምክር ቤት ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛዎቹ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ደግሞ ከየጎጡ የሚመረጥ ስለሆነ ከማንም ይልቅ ወሬ አድራሽ መሆን የሚገባው እሱ ነበር። ዳሩ ግን የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዘመ። በእኛ ቀበሌ ያን ጊዜ ከተመረጡት መካከል የሞቱ አሉ፣ ከተማ የገቡ አሉ፤ የቀሩትም አባልነታቸውን የሚያስታውሱት ለስብሰባ ሲጠሩ ነው። መራጩ ተመልሶ የማይጠይቀው ተመራጭ ጎጡን ለማዳረስ ብሎ እግሩን አያደክምም።

በስልክ ይሁን የሚሉ የከተማ ወዳጆች አሉኝ፤ የቴሌግራም ቻናል ይከፈት፣ አጭር መልእክት ይላክ ይላሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ የገባበትን ግጭት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ መክረሙን፣ በብዙ ቦታም የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ራሱ ተዘግቶ መቆየቱን ላየ ሰው ይህ ሐሳብ ብዙ አያስኬድም። ከዚያም በላይ ስልኩ ያለው በወንዱ እጅ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ጽሕፈት ቤት ሲቆለፍ ሳይቋረጥ የቀጠለው የሰው ለሰው ወሬ ነው፤ በሰንበቴው፣ በእድሩ፣ በጽዋ ማኅበሩ፣ በገበያው።

ቤተ ክርስቲያን ላይ ይነገር የሚለው ሐሳብ ከሁሉ ይሻላል፤ በተግባርም ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ቆሞ የሚናገርባቸው ሰንበቶች አሉ። ነገር ግን ይህም ቢሆን ማንን እንደማያገኝ ማሰብ ይገባል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን አያገኝም። ደግሞም፣ እኔ ዘግይቶ ያስተዋልኩት ነገር፣ የወለደችን ሴት አያገኝም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ በገጠር የክብር መዝገብ ሹም ሆኖ የሚሠራው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው። እናቲቱ ደግሞ ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች። ሴት ልጅ የወለደች እናት በዐውደ ምሕረት የሚነገረውን ለመስማት ስትበቃ ከ90ው ቀን የቀራት 10 ቀን ብቻ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላም ምዝገባ አለ፤ ግን ማስረጃው ይበዛል፣ መመላለሱ ይረዝማል፣ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስም ነገሩ ይረሳል።

ይህንኑ ስሌት ለቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን መዝገቡን አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ፤ የቅርብ ጊዜዎቹን ገጾች ስናይ የወንዶቹ ስም ከሴቶቹ ይበልጥ ነበር። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አይቻልም፤ እሱም አላለም፣ እኔም አልልም። የተስማማንበት ግን አለ። ለክርስትና የሚጠሩት ቄስ የልጁን ቀን ቆጥረው የሚያውቁ ሰው ናቸውና ከጥምቀቱ በኋላ «ቀበሌ አስመዝግባችኋል?» ብለው ቢጠይቁ፣ ለሙስሊሞቹ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣ ሼኹ እንዲሁ ቢያስታውሱ፣ ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጁ ያነሣው እንቅፋት ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ለተወለደ ልጅ የልደት ማሳወቂያ ቅጹ መምጣት ያለበት ከጤና ኬላ ሲሆን ቅጹ ደግሞ ከኬላው ካለቀ ሰንብቷል። ወረዳውን በደብዳቤ ጠይቋል። እስከዚያው ቄሱም ሼኹም እንዲነገራቸው ብሎ የጎጥ መሪዎቹን ለእሑድ ጠርቷቸዋል፤ በስም።